በአርዴሽ ኮረብታዎች ያለ መኪና፦ ለግራቭል ጀማሪዎች የትኛው መንገድ ይሻላል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሊዮን ነው። የግራቭል (ለጠጠር መንገድ የሚሆን) ብስክሌት ገዝቻለሁ፤ ጎማው 38 ሚሊ ሜትር ነው። ባለቤቴም ጀማሪ ናት፤ መኪና ከኋላዋ ሲመጣ ትደነግጣለች። መኪና የማይገባበት፣ ጠጠር የሆነ፣ ተራራማ ገጠር እንፈልጋለን። ካርታ ላይ ነጭ የሆኑት መንገዶች ሁሉ መኪና የላቸውም ሲባል ሰምቻለሁ። ‹ቩዋ ቬርት› (አረንጓዴ መንገድ) የሚለውን ምልክት መከተል ብቻ ይበቃል የሚሉም አሉ። በኦክቶበር መጨረሻ ሁለት ቀን አለን። ወዴት እንሂድ?»

ምላሽ፦ የጠየቁት ሦስት ነገር ነው፤ መኪና የሌለበት፣ ጠጠር የሆነ፣ ተራራማ። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት ቀላል ነው። ሦስቱ ግን እርስ በርስ ይጋጫሉ። በፈረንሳይ ኮረብታማ ገጠር መኪና በሕግ የተከለከለባቸው ረጃጅም መንገዶች አብዛኞቹ የድሮ የባቡር መስመሮች ናቸው። ባቡር ደግሞ ዳገት አይወድም። ዳገት የሚወጡት የእርሻና የደን መንገዶች ናቸው፤ እነሱም ሞልተዋል። እነሱ ላይ ግን ሞተር አይመጣም ብሎ ዋስትና የሚሰጥዎ የለም። ስለዚህ ከሦስቱ የትኛውን እንደማይለቁ አስቀድመው ይወስኑ። ባለቤትዎ መኪና የምትፈራ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው፤ የሚላላው ዳገቱ ነው።

የነጩን መንገድ ወሬ ይርሱት። በፈረንሳይ የካርታ ተቋም፣ በአይ ጂ ኤን፣ 1:25,000 ካርታ ላይ ነጭ ማለት ጠባብ መንገድ ማለት ነው እንጂ መኪና የሌለበት ማለት አይደለም። አብዛኛው አስፋልት ነው። የፖስታ መኪና፣ ትራክተር፣ ከሥራ ወደ ቤቱ የሚጣደፍ የመንደሩ ሰው ሁሉ ይሄድበታል። ከከተማ ውጭ ባለ ሁለት አቅጣጫ መንገድ ላይ አጠቃላዩ የፍጥነት ወሰን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ መታጠፊያ በበዛበት ጠባብ መንገድ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ሕጉ መኪና ብስክሌት ሲቀድም 1.5 ሜትር እንዲርቅ ያዛል። መንገዱ ራሱ ሦስት ሜትር ሲሆን ግን ያ ሕግ የት ላይ እንደሚሠራ እርስዎው ያስቡት። እርስዎ የሚፈልጉት ካርታው ላይ በነጠላ ቀጭን ጥቁር መስመር የሚታየውን ነው። እሱ የእርሻ ወይም የደን መንገድ ነው። የተቆራረጠው መስመር ደግሞ የእግር መንገድ ነው፤ ለግራቭል ብስክሌት አይመከርም።

‹ቩዋ ቬርት› ግን እውነተኛ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የትራፊክ ሕጉ ውስጥ የገባ ስያሜ ሲሆን፣ ሞተር ለሌላቸው ተሽከርካሪዎች፣ ለእግረኞችና ለፈረሰኞች ብቻ የተለየ መንገድ ማለት ነው። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ማገዙን የሚያቆም ኤሌክትሪክ ብስክሌት ይፈቀድበታል፤ 45 የሚሄደው አይፈቀድለትም። ብዙ ሰው የሚሸወደው ከ‹ቬሎሩት› ጋር ሲያምታታው ነው። ቬሎሩት የተቀየሰ የጉዞ መስመር ነው። ግማሹ ቩዋ ቬርት፣ ግማሹ ደግሞ ከመኪና ጋር የሚጋሩት የገጠር አስፋልት ሊሆን ይችላል። ስልክዎ ላይ ያለው መተግበሪያ ሁለቱንም በአንድ ቀለም ሊያሳይዎ ይችላልና ቀለሙን አይመኑ።

ደግሞም ቩዋ ቬርት ሁሉ ጠጠር አይደለም። ከሊዮን በስተሰሜን በደቡብ ቡርጎኝ ያለውና ከጊቭሪ እስከ ክሉኒ 44 ኪሎ ሜትር የሚሄደው በፈረንሳይ የመጀመሪያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ተከፈተ። አገሩ ያምራል፤ የወይን እርሻ፣ የድንጋይ መንደር፣ የክሉኒ ገዳም ፍርስራሽ ሁሉ አለ። መንገዱ ግን አስፋልት ነው። ከክሉኒ ወደ ማኮን በኩል ሲቀጥሉ ያለው የቧ ክሌር ዋሻ 1.6 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በክረምት የሌሊት ወፎች ስለሚያንቀላፉበት ይዘጋል። ሌሊት ወፍ ቅድሚያ የሚሰጠው አገር ነው እንግዲህ፤ እኔ በበኩሌ ቅሬታ የለኝም። ግራቭል ገዝቶ ለሚጓጓ ሰው ግን እዚያ አልልከውም።

ወደ እርሻና ደን መንገዶቹ ልመለስ፤ ብዙ ጀማሪ ችግር ውስጥ የሚገባው እዚህ ነውና። መሬት ላይ አንድ ዓይነት የሚመስሉ መንገዶች በሕግ ዓይን ይለያያሉ። ‹ሸማን ሩራል› የሚባለው የኮሚዩኑ (የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት) ንብረት ሆኖ ለሕዝብ የተፈቀደ ነው፤ ያለ ሐሳብ ይግቡበት። ግን ለእርስዎ የተፈቀደውን ያህል፣ ከንቲባው በተለየ ውሳኔ ካልከለከለ በቀር ለሞተርም የተፈቀደ ነው። እ.ኤ.አ. የ1991 ሕግ ሞተር ያላቸውን የሚያግዳቸው ለሕዝብ ትራፊክ ክፍት ከሆኑ መንገዶች ውጭ ነው። ስለዚህ እሁድ ጠዋት ጫካ መሃል ባለ አራት ጎማ ሞተር ከፊትዎ ድንገት ቢመጣ ሕገ ወጥ ላይሆን ይችላል። ‹ሸማን ዴክስፕሏታሲዮን› ደግሞ አዋሳኝ የሆኑት ባለመሬቶች ንብረት ነው። ካልዘጉት ማለፍ ይቻላል፤ መዝጋት ግን መብታቸው ነው።

ደኑም እንደዚሁ ነው። ከፈረንሳይ ደን ሦስት አራተኛው የግለሰብ ነው። የመንግሥት ደን ውስጥ በአጥር ግንድ የተዘጋ መንገድ ሲያዩ አብዛኛውን ጊዜ የተከለከለው መኪና ነው፤ ብስክሌት በጎን ያልፋል። የምወደው እንዲህ ያለውን ነው። እንጨት ቆራጮች ካሉ ግን የሥራ ቦታ መሆኑን የሚገልጽ ሰሌዳ ይቆማል፤ ያኔ ይመለሱ። የግል ደን ላይ «ፕሮፕሪዬቴ ፕሪቬ» (የግል ንብረት) የሚል ሰሌዳ ካለ በፍጹም አይግቡ። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2023 ወዲህ የግል መሆኑ በግልጽ በተመለከተ ገጠር መሬት ላይ ያለ ፈቃድ መግባት 135 ዩሮ ያስቀጣል። «ስልኬ በዚህ ሂድ አለኝ» ማለት አያድንም።

ስለ ዳገቱም አንድ ነገር። የባቡር መስመር ከሞላ ጎደል ከ3 በመቶ በላይ አይወጣም። የደን መንገድ 15 በመቶ ሊወጣ ይችላል፤ ልቅ ጠጠር ላይ ደግሞ 15 በመቶ ማለት ለጀማሪ ወርዶ መግፋት ማለት ነው። ቤት ሆነው ማወቅ ይችላሉ። 1:25,000 ካርታ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር 250 ሜትር ነው። ቡናማዎቹ የከፍታ መስመሮች በኮረብታማው አካባቢ ባብዛኛው በ10 ሜትር ይለያያሉ፤ ከካርታው ማብራሪያ ላይ ያረጋግጡ። መንገዱ በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ሦስት መስመር ካቋረጠ 30 ሜትር ወጣ ማለት ነው፤ 12 በመቶ። ሁለት ከሆነ 8 በመቶ ነው፤ ይቻላል። አራት ካዩ ሌላ መንገድ ይፈልጉ። መሬት ላይ ደግሞ የተራራ ብስክሌት ምልክትን ይለዩ፤ አንድ ሦስት ማዕዘንና ሁለት ክብ ነው። አረንጓዴና ሰማያዊ ደረጃ ለግራቭል ይሆናል። ቀዩንና ጥቁሩን ለባለቤቶቻቸው ይተዉላቸው። ቀይና ነጭ ቀለም የተቀባው መስመር የእግር ተጓዦች ነው፤ ድንጋይና ደረጃ ይበዛዋል።

አሁን ወደ ምርጫው። ለእናንተ የምመክረው ዶልቼ ቪያ የሚባለውን መስመር ነው። ሌላ አማራጭ ማመዛዘን አያስፈልግም። በአርዴሽ ክፍለ ግዛት ከሮን ወንዝ ዳር ካለችው ላ ቩልት ተነስቶ የኤሪዩን ወንዝ ሸለቆ ተከትሎ ወደ ‹ለ ሼላር› ከተማ ይወጣል። እዚያ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሳንታግሬቭ፣ ሌላው ወደ ላማስትር። በድምሩ 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ቩዋ ቬርት ነው፤ ጠጠር ነው፤ ዙሪያው ደግሞ ተራራ ነው። መንገዱ ራሱ አይቆምም እንጂ ተራራው ከሁለቱም በኩል ቆሞ ያያችኋል።

ይህ ሊሆን የቻለው መስመሩ የአንድ ሜትር ስፋት ባለው ጠባብ ሐዲድ የተሠራ ስለነበር ነው። ጠባብ ሐዲድ በጠባቡ ይታጠፋል። መሐንዲሶቹ ተራራውን በትልልቅ ዋሻና ድልድይ ከመብሳትና ከመሻገር ይልቅ እያንዳንዱን የሸለቆ እጥፋት ተከትለው ጠመዘዙት። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1968 ቆመ። ያኔ ቀርፋፋነቱ ለኪሳራ ዳርጎት ይሆናል፤ ለእኛ ግን ጥሩ ሆነ። ቀጥ ያለ አሰልቺ መንገድ የለም፤ በየመታጠፊያው እይታው ይቀየራል። ከዚያ የባቡር መረብ የተረፈው ቁራጭ ዛሬም በቱርኖንና በላማስትር መካከል በእንፋሎት ባቡር ቱሪስት ያመላልሳል።

ከጎማዎ ሥር የሚያገኙት ‹ስታቢሊዜ› የሚሉት ነው፤ ደቃቅ ጠጠርና አሸዋ ተደባልቆ የተጠቀጠቀ። ሲደርቅ ከአስፋልት ብዙም አይተናነስም፤ ጎማው ሥር ቀጭን የመፍጨት ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከከባድ ዝናብ በኋላ ግን ውኃው መንገዱን በቀጭን ቦይ ይሸረሽረዋል፤ ከላይ ካለው ግድግዳም ድንጋይ ይወርዳል። ያ ግድግዳ በራሱ መታየት ያለበት ነገር ነው። ያለ ሲሚንቶ የተካበ የእርከን ድንጋይ ነው፤ ከወንዙ ጀምሮ እስከ ጫፍ ድረስ ተደርድሯል። ታች ያለው ሸለቆ በኮክ የታወቀ ነበር። ከፍ ሲሉ ሻቴኝ ይጀምራል፤ በክረምት ሊዮን መንገድ ዳር ተጠብሶ የሚሸጠው ፍሬ። በኦክቶበር ቅጠሉና እሾሃም ቅርፊቱ መንገዱ ላይ ይነጠፋል። ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ይሸፍናል፤ ሲረጥብ ደግሞ ያንሸራትታል።

መኪና ፈጽሞ የለም ግን አልልም። መንገዱ አስፋልት የሚያቋርጥባቸው ቦታዎች አሉ፤ እዚያ ቅድሚያው ብዙ ጊዜ የመኪናው ነው። ለማሳሰቢያም መግቢያው በእንጨት ወይም በብረት ምሰሶ ተጠብቧል፤ ሰፊ መሪ ያለው ሰው ፍጥነቱን ቀንሶ ማለፍ አለበት። «ሶፍ ሪቭራን» የሚል ጽሑፍ ካዩ ነዋሪዎች በመኪና ሊገቡ ይችላሉ ማለት ነው። እነሱ ቀስ ብለው ነው የሚነዱት፤ ባለቤትዎ ይህን አስቀድማ ብታውቅ አትደነግጥም።

ጉዞውን እንዲህ ያድርጉት። በጠዋት ባቡር ከሊዮን ቫላንስ ይውረዱ። ካርታ ሲያዩ ሊቭሮን ለላ ቩልት ይቀርባል፤ እውነት ነው፣ የባቡር ጣቢያም አለው። ግን ከዚያ ለመሻገር ከመኪና ጋር በድልድይ ማለፍ አለ። ከጀማሪ ጋር የዕለቱን መጀመሪያ እንዲህ አላበላሸውም። ከቫላንስ ሮንን ተሻግረው ቪያሮና የሚባለውን የወንዝ ዳር የብስክሌት መስመር ይያዙና ወደ ደቡብ ይውረዱ። ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሜዳ ነው፤ እግርም ያፍታታል። ከላ ቩልት ወደ ለ ሼላር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ100 ሜትር አካባቢ ከፍታ ተነስተው ወደ 430 ሜትር ይደርሳሉ፤ በአማካይ ከ1 በመቶ በታች። አይታወቃችሁም ማለት ይቻላል። ለ ሼላር ያድሩና በማግሥቱ በመጡበት ይመለሱ። ተመሳሳይ መንገድ መመለስ አይሰልችም ወይ ካሉ፣ ሲወርዱ ሌላ መንገድ ነው የሚመስለው።

ሳንታግሬቭን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። እሷ 1,050 ሜትር ላይ ናት። ከለ ሼላር ወደ 25 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መንገድ 600 ሜትር ይወጣሉ። ቁጥሩ አያስፈራም፤ 2.4 በመቶ ነው። ግን ማረፊያ የለውም፤ ያለማቋረጥ ይወጣል። ለጀማሪ ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ሦስተኛ ቀን ካገኙ ይጨምሩት፤ ከመስመሩ ሁሉ የሚያምረው ክፍል እሱ ነው። ሁለት ቀን ውስጥ ለመጠቅጠቅ ከሞከሩ ግን ሁለተኛው ቀን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ባለቤትዎም ብስክሌቱን ለሽያጭ ታወጣዋለች።

እርስዎ የሚመኙት እውነተኛ ዳገት ከመስመሩ ቅርንጫፍ ሆኖ ያገኙታል። ከሸለቆው በላይ ሻላንሶንን የመሰሉ ከፍታ ላይ የተንጠለጠሉ መንደሮች አሉ። አንድ ብቻ ይምረጡ፤ ከላይ ባልኩት የካርታ አቆጣጠር 8 በመቶ የማያልፈውን መውጫ ይፈልጉ፤ ባለቤትዎ ወንዝ ዳር ካፌ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ወጥተው ይውረዱ። ሁለታችሁም ደስ ብሏችሁ የምትገናኙበት መላ ይሄ ነው።

የማልስማማው በወሩ ነው። ኦክቶበር መጨረሻ ለዚህ አካባቢ መጥፎ ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም ከአንድ በላይ ነው። በመከር ወቅት ከሜዲትራኒያን የሚመጣ ሞቃትና እርጥብ አየር ከሴቬን ተራሮች ጋር ሲጋጭ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የወራት ዝናብ ሊያወርድ ይችላል። ‹ኤፒዞድ ሴቨኖል› ይሉታል። ኤሪዩ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ቶሎ ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ1857 ያመጣው ጎርፍ ዛሬም ይወሳል። ሰዓቱም በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ይቀየራል፤ ከዚያ በኋላ በአውሮፓ ሰዓት 17፡30 ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች። ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ጥላው ቀድሞ ይመጣል። 70 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ጀማሪ ቀኑ አጭር ነው።

በላዩ ላይ አደን አለ። ወቅቱ በአብዛኛው ከሴፕቴምበር እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው፤ የሚበዛውም ቅዳሜና እሁድ ነው። ከርከሮ ሲያድኑ ተሰልፈው ጫካውን ስለሚያስሱ ተኩሱ ከየትኛው ወገን እንደሚመጣ እርስዎ አያውቁም። «ሻስ አን ኩር» (አደን ላይ ነን) የሚል ሰሌዳ ካዩ ከዋናው መስመር አይውጡ፤ የጫካውን ዳገት ለሌላ ቀን ይተዉት። ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ልብስ ይልበሱ። ብርቱካናማ ጃኬት የለበሰ አዳኝ ካገኙ ቆም ብለው ሰላም ይበሉት፤ የትኛው መንገድ ነፃ እንደሆነ ይነግርዎታል። ብዙዎቹ ደግ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ወደ ሜይ ወይም ጁን ይግፉት። የግድ ኦክቶበር ከሆነ ከመነሳትዎ በፊት የአየር ትንበያ ድርጅቱን፣ የሜቴኦ ፍራንስን፣ የማስጠንቀቂያ ካርታ ይመልከቱ። አርዴሽ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ከሆነ ቤትዎ ይዋሉ። ቢጫም ቢሆን ዕቅዱን ያሳጥሩ እንጂ ወንዝ ዳር አይደሩ።

ብስክሌቱ ላይ ብዙ ማውጣት አይጠበቅብዎትም። 38 ሚሊ ሜትር ጎማ ለዶልቼ ቪያ በቂ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ነፋሱን በማብዛት ነው፤ እንደ ክብደትዎ ከ2.5 እስከ 3 ባር ይሞክሩ፤ እጅዎ ሲደነዝዝ ከሆነ ትንሽ ይቀንሱ። ከመነዳሪ የሚጠቀሙ ከሆነ ሁለት መለዋወጫ፣ ፓምፕና የጎማ ማውጫ ይያዙ፤ በሸለቆው መሃል ጥገና ቤት አይቁጠሩ። ማርሹን ደግሞ ይቁጠሩት፤ የኋላው ትልቁ ጥርስ ቢያንስ ከፊተኛው ትንሹ ጋር እኩል ቢሆን ይመረጣል። ከፊት 40፣ ከኋላ 34 ከሆነ ለቩዋ ቬርቱ ችግር የለውም፤ ለመንደሩ ዳገት ግን ጉልበትዎን ይበላዋል። ደወልም አይርሱ፤ እግረኛና ፈረስ አለ። ፈረስ ሲያዩ ከሩቅ ድምፅ ያሰሙ፤ ዝም ብሎ ከኋላ መምጣት ያስበረግገዋል።

ምግብና ውኃ ላይ ከተማ ያስለመደዎትን ይርሱ። መንደር ውስጥ ሱቅ ከሰዓት በኋላ ለረጅም ምሳ ይዘጋል፤ እሁድ ከሰዓትና ሰኞ ደግሞ ዳቦ ቤቱ ሳይቀር ሊዘጋ ይችላል። ዳቦውን በጠዋት ይግዙ። ውኃ ሲያልቅ የፈረንሳይ ብስክሌተኛ የሚሄደው መካነ መቃብር ነው፤ አበባ ለማጠጣት ቧንቧ አለ። ለእኛ ሰው ትንሽ ይከብዳል፤ ቢሆንም ማንም አይቆጣዎትም። «ኦ ኖን ፖታብል» ከተጻፈበት ግን አይጠጣም። ስልክ በሸለቆው ውስጥ ስለሚጠፋ ካርታውን አስቀድመው አውርደው ይያዙ፤ አደጋ ከገጠመ 112 ነው። ማደሪያ ሲፈልጉ ‹አኬይ ቬሎ› የሚል ምልክት ያላቸውን ያስቀድሙ፤ ብስክሌት የሚቆለፍበት ቦታና የጥገና ዕቃ አላቸው።

ዶልቼ ቪያን ከወደዱት ቀጣዩ ፓሳ ፓይስ ይሁን። በኦ ላንግዶክ ከቤዳሪዩ እስከ ማዛሜ ወደ 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የድሮ ባቡር መስመር ነው፤ እሱም ባብዛኛው ጠጠር ነው። ሁለቱም ጫፍ ላይ ባቡር ስላለ በመጡበት መመለስ የለም። ከሊዮን ሩቅ ስለሆነ ግን ሦስትና አራት ቀን ይመድቡለት። ሰዎች የግራንድ ትራቨርሴ ዱ ማሲፍ ሳንትራልን ስም ሲጠሩ ቢሰሙ አይቸኩሉ። ከአቫሎን እስከ ካፕ ዳግድ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ፣ ለተራራ ብስክሌት የተቀየሰ መስመር ነው። የጠባቂ ውሾችም የሚገጥሙት እንዲህ ባሉ የበግ ግጦሽ ከፍታዎች ነው። ነጭ ትልቅ ውሻ ከመንጋ መሃል ሲሮጥብዎ ካዩ ይውረዱ፤ ብስክሌቱን በመካከል ያድርጉ፤ መንጋውን በሩቁ ዞረው በእግር ይለፉ። ፈጥኖ ማምለጥ ብሎ ነገር አይሠራም።

ትኬት ሲቆርጡ የሚወርዱበት ጣቢያ ‹ቫላንስ ቪል› መሆኑን ያረጋግጡ። የፈጣኑ ባቡር (የቴ ጄ ቬ) ጣቢያ የሆነው ‹ቫላንስ ቴ ጄ ቬ› ከከተማው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ነው ያለው፤ እዚያ ከወረዱ ጠዋቱን ከመኪና ጋር ነው የሚያሳልፉት። ቴ ጄ ቬ ብስክሌትን በክፍያና በቅድሚያ በተያዘ ቦታ ነው የሚጭነው። ስለዚህ በክልሉ ባቡር፣ በቴ ኧ ኧር ይሂዱ። የብስክሌቱ ቦታ ጥቂት ስለሆነ ግን በበዓል ሰሞን የቅዳሜ ጠዋቱን የመጀመሪያ ባቡር ይያዙ፤ ቦታ ካጡ የሚቀጥለውን ለመጠበቅ ጊዜ ይኖራችኋል።